የቲቸር ሴሻድሪ ሾፌር

ሙጠሊብን ያወቅሁት ሳን ሊያንድሮ በነበረ አንድ የቫን ድርጅት አብረን ስንሠራ ነው። አዛውንቶችንና መራመድ የቸገራቸውን ሰዎች ከቤት ወደ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ወደ ቤት እናመላልስ ነበር። እኔ ጥሩነህ እባላለሁ፣ የጉለሌ ልጅ ነኝ። እሱ ደሴ ተወልዶ ያደገ፣ ጅዳ ዘጠኝ ዓመት በሾፌርነት የሠራ፣ በፈረንጆቹ 2004 ዲቪ ደርሶት ከሚስቱ ከሰውዳና ከሴት ልጃቸው ከሒክማ ጋር የመጣ ሰው ነው።

አብዛኞቻችን ሾፌሮች ሰውን ቶሎ አድርሰን ወደሚቀጥለው መሮጥ እንወድ ነበር። ሙጠሊብ እንደዚያ አልነበረም። ያደረሰው ሰው በሩን ከፍቶ ገብቶ፣ በመስኮት እጁን እስኪያወዛውዝለት ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ጉዞ የሚመድብልን ዲስፓች በሬዲዮ "የት ደረስክ?" እያለ ሲነዘንዘው "በር ላይ ነኝ" ብቻ ነው መልሱ። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሁላችንም ዘግይቶ ነበር የሚጨርሰው። ግን እየደወሉ "ሙጠሊብን ላኩልን" የሚሉ ደንበኞች የነበሩት እሱ ብቻ ነው።

ከነዚያ ደንበኞች አንዱ ሚስተር ሴሻድሪ የሚባሉ ህንዳዊ ሽማግሌ ነበሩ። በ2011 ዕድሜያቸው ሰማንያ ነበር። ሚልፒታስ ውስጥ ሱሬሽ ከሚባለው ልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ሱሬሽ ኢንጂነር ነው። ሙጠሊብ ማክሰኞና ሐሙስ ለጉልበታቸው ቴራፒ ይወስዳቸው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሽማግሌውን አስቀምጦ፣ ቀበቷቸውን አስሮ መንገድ እንደጀመረ ሰውዳ ደወለች። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ስለ ሒክማ ትምህርት ቤት እያወሩ ሳለ ከኋላ ወንበር "ዝም በሉ። ሰሌዳውን ተመልከቱ" የሚል ድምፅ መጣ። በአማርኛ። ሙጠሊብ በመስታወቱ ቀና ብሎ ሲያይ ሽማግሌው ፈገግ ብለው ያዩታል።

"ሰውዳ፣ ቆይቼ ኮል አደርግልሻለሁ" አለና ዘጋው። "አማርኛ ያውቃሉ እንዴ?"

"አስተማሪ ነበርኩ። ሒሳብ። አምስት ዓመት ደሴ ነበርኩ።"

ሙጠሊብ ቫኑን ዳር አስያዘና አቆመው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ታላቅ ወንድሙን አንድ ህንዳዊ ሒሳብ እንዳስተማሩት ያስታውሳል። እኚህ ይሁኑ ሌላ፣ ሁለቱም ማረጋገጥ አልቻሉም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ "ቲቸር" እያለ ይጠራቸው ጀመር፤ እሳቸውም ልክ እንደ ተማሪያቸው አንተ አሉት። አማርኛቸው ዝጓል፤ በመሃል እንግሊዝኛ ይገባበታል። ግን የክፍል ውስጥ አማርኛ አንድም አልጠፋቸውም። ሙጠሊብ ዘግይቶ ሲመጣ "ወላጅ አምጣ" ይሉት ነበር።

ያኔ ሚስታቸው ካማላ ደሴ አብረዋቸው ነበሩ። ካማላ የተወለዱበት የደቡብ ህንድ መንደር አጠገብ ኮረብታ አለ፤ ኮረብታው ላይ ቤተ መቅደስ አለ። በዓመት አንዴ መንደሩ ሁሉ በባዶ እግሩ ደረጃውን ይወጣል። ደሴ ሳሉ ያ ሲናፍቃቸው እሑድ እሑድ ባልና ሚስቱ የጦሳን ተራራ ይወጡ ነበር። "የሰፈር ልጆች ይከተሉናል" አሉት ለሙጠሊብ፣ "ህንዱ ሚስቱን ይዞ ተራራ ላይ ምን ይሠራል እያሉ።"

አሜሪካ ከመጡ በኋላ እዚህ ያሉ ህንዶች ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ጫፍ ላይ ቤተ መቅደስ ሠሩ። መጀመሪያ በመኪና ብቻ ነበር የሚወጣው። ኋላ ከኮረብታው ግርጌ ጀምሮ መቶ ስምንት ደረጃ ተሠራለት። ካማላ ሥራው ሲጀመር አይተው "ሲያልቅ በእግሬ እወጣዋለሁ" ብለው ተሳሉ። ደረጃው ሳያልቅ ሞቱ። ቲቸር ሴሻድሪ ስለቱን ለራሳቸው ወሰዱት። ሱሬሽን በጠየቁት ቁጥር "ጉልበትህ ይሻለውና፣ በሚቀጥለው ወር" ይላቸዋል። እንዲህ ሲባል ሁለት ዓመት አለፈ።

በ2012 መጀመሪያ ላይ አንድ ሐሙስ ሽማግሌው ተሳፍረው ክሊኒኩ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ተናገሩ።

"ሱሬሽና ሚስቱ ወረቀት ያያሉ። እኔ ስገባ ይደብቁታል። መጦሪያ ሊያስገቡኝ ነው።"

"አይመስለኝም ቲቸር።"

"አንተ ብዙ ሽማግሌ ታመላልሳለህ። ብዙ ትሰማለህ። ይህን ከሰማህ ትነግረኛለህ?"

"ወላሂ እነግርዎታለሁ" አላቸው።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሙጠሊብ ሽማግሌውን አድርሶ ሊሄድ ሲል ሱሬሽ ከቤት ወጥቶ ወደ ቫኑ መጣ። ትሑት ሰው ነው፣ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አብራው የምትሠራ ሴት እናቷን የምታስገባበት መጦሪያ ፈልጋ መላ ጠፍቷታል አለው። "አንተ በየቦታው ትገባለህ። ጥሩ ቦታ በምን ይታወቃል?"

ሙጠሊብ የሚያውቀውን ነገረው። ትልልቆቹ ሕንፃዎች አይሁኑ፤ እንደ ማንኛውም ቤት ያለ፣ ስድስት ሰው ብቻ የሚይዝ ይሁን። ጠዋት ስትገባ የምግብ ሽታ ይሽተትህ። ሠራተኞቹ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብለው እንደሚያወሩ እይ። ቀጠሮ ሳትይዝ ሂድ። ሱሬሽ ሁሉንም ስልኩ ላይ ጻፈው።

ሙጠሊብ ግን "ለአባትህ አይደለም አይደል?" ብሎ ጠየቀው።

ሱሬሽ ሳቀና ትከሻውን ያዘው። "አባቴማ እስከ መጨረሻው እዚሁ ከእኔ ጋር ነው።"

ሙጠሊብ ይህን ለቲቸር ልንገር አልንገር ብሎ ብዙ አሰበ። በማይመለከታቸው ነገር ለምን አስጨንቃቸዋለሁ ብሎ ተወው። ኋላ ይህን ሲነግረኝ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ያቆማል። "ያን ቀን ብነግራቸው ኖሮ" ይልና አይጨርሰውም።

በሚያዝያ ሱሬሽ ደወለለት። አባቴን ቅዳሜ ወደ ኮረብታው ትወስድልኛለህ፣ ጉዞውን በአንተ ስም አስይዣለሁ አለው። ሙጠሊብ ደስ አለው። የጉዞው ወረቀት ላይ ግን ሁለተኛ አድራሻ ነበር፣ ፍሪሞንት። ይሄ ምንድነው ብሎ ጠየቀ።

"አዲስ ቴራፒስት ነው" አለ ሱሬሽ። "ደረጃ ከወጣ በኋላ ጉልበቱን እንዲያዩት ብዬ ነው። እኔም እዚያ እጠብቃችኋለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት ቲቸር ሴሻድሪ ነጭ ሽርጥ አገልድመው፣ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ኮረብታው ግርጌ ሲደርሱ ጫማቸውን ቫኑ ውስጥ አወለቁ። ሙጠሊብም ጫማና ካልሲውን አወለቀ።

"አንተ ለምን ታወልቃለህ?"

"እርስዎ ባዶ እግርዎን ሆነው እኔ በጫማ ክንድዎን ልይዝ ነው?"

ደረጃው በጎንና ጎኑ ነጭና ቀይ ተቀብቷል። ቲቸር በአንድ እጃቸው ብረቱን፣ በሌላው የሙጠሊብን ክንድ ይዘው በአማርኛ እየቆጠሩ ወጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በየአሥሩ ቆመው ይተነፍሳሉ። ሕፃናት የያዙ ቤተሰቦች እያለፏቸው ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳቸዋል። ሥልሳ ሦስተኛው ላይ ጉልበታቸው ከዳቸውና ቁጭ አሉ። ፊታቸው ገርጥቶ ነበር።

"ይበቃል ቲቸር። የቀረውን በመኪና እንውጣ።"

"ስንት ላይ ነን?"

"ሥልሳ ሦስት።"

"ስንት ይቀራል?"

"አርባ አምስት።"

"ጎበዝ" አሉት። "አርባ አምስት ትንሽ ቁጥር ነው።" ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ተነሱ።

ላይ ሲደርሱ ደወል ይደወላል፤ ሰዎች ኮኮናት ይሰብራሉ። ሙጠሊብ በሩ ላይ ቆመ። "እኔ እዚህ ልጠብቅዎት። ሙስሊም ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ደሴ ዓርብ ዓርብ ጓደኛዬን መስጊድ በር ላይ እጠብቀው ነበር።"

"ዛሬ ተራው የእኔ ነው እንግዲህ።"

ሲወጡ ግንባራቸው ላይ ነጭ አመድና ቀይ ነጥብ አለ። ጥላ ስር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሳቸው በወረቀት ሳህን የተሰጣቸውን ቢጫ ሩዝ በላ በላ አደረጉ፤ ሙጠሊብ ውሃ ጠጣ። ከታች ሳን ሆዜና ሚልፒታስ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ባሕረ ሰላጤው በጭጋግ ይታያል። "የካማላን ስለት አደረስኩላት" አሉ። ሙጠሊብ ያን ሰዓት ቤት ገብቶ ለሰውዳ እስኪነግራት ቸኩሎ ነበር።

ተመልሰው ቫን ውስጥ ሲገቡ ጠየቁት። "አሁን ወዴት ነው?"

"ፍሪሞንት። ጉልበትዎን የሚያይ አዲስ ሐኪም አለ። ሱሬሽ እዚያ ይጠብቀናል።"

"ቅዳሜ?"

"እንዲህ ነው ያለኝ።"

"ከዚያ ቤት ታደርሰኛለህ?"

"ራሴ አደርስዎታለሁ።"

አድራሻው ጸጥ ያለ ሰፈር ውስጥ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር። በሩ ላይ የክሊኒክ ምልክት የለም። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ግን አለው። ሙጠሊብ ቁጥሩን ደግሞ ደጋግሞ አየ። ደወሉን ሲጫን አንዲት ፊሊፒናዊት ሴት ከፈተች። ከውስጥ የሚበስል ምግብ ሸተተው።

"እንኳን ደህና መጡ ሚስተር ሴሻድሪ" አለች በእንግሊዝኛ። "ክፍልዎ ተዘጋጅቷል።"

ከጀርባዋ አንድ ክፍል በሩ ተከፍቶ ይታያል። አልጋው አጠገብ የቲቸር ቡናማ ሻንጣ አለ። ግድግዳው ላይ የካማላ ፎቶ ተሰቅሏል።

ሙጠሊብ እዚያው ደጃፉ ላይ ለሱሬሽ ደወለ።

"ደረሳችሁ? ደረጃውን ወጣው?" አለ ሱሬሽ።

"የት ነህ?"

"ሙጠሊብ፣ እኛ ሳክራሜንቶ ነን። የመጦሪያው ሰዎች ናቸው እንዲህ ይሻላል ያሉን። እኔ ካለሁ አልገባም ይላል፣ ያለቅሳል። አንተን ግን ያምንሃል።"

"ቴራፒስት ነው ያልከኝ።"

"እዚያም ቴራፒ አለ።"

"መልሼ ቤት ልወስዳቸው ነው።"

"ቤት ማንም የለም" አለ ሱሬሽ በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ። "ደጅ ልታሳድረው ነው? እባክህ፣ ለእኔም ከባድ ነው።"

ሙጠሊብ ስልኩን ዘጋ። ወደ ራሱ ቤት ሊወስዳቸው አሰበ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው አፓርትመንቱ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ፣ ሒክማ የምትተኛበት ሶፋ በዓይኑ መጡበት። የድርጅቱ ሕግም ትዝ አለው፤ ደንበኛን ወረቀቱ ላይ ከሌለ አድራሻ ማድረስ ከሥራ ያስወጣል። ይህን ሁሉ ሲያስብ ቲቸር ሴሻድሪ ያዩታል።

"ታውቅ ነበር?" አሉት በአማርኛ። ሴትዮዋ አትሰማም።

"ወላሂ አላወቅሁም።"

"ሾፌር የሚሄድበትን ያውቃል።"

የማንም ቤት ሲገቡ እንደሚያደርጉት በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁና ገቡ። ሙጠሊብ ቫኑ ውስጥ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ጠበቀ። በመስኮቱ ማንም ብቅ አላለም።

ቤቱ ገብቶ ሲነግራቸው ሰውዳ "አምነኸው ነው፣ ምን ታደርግ" አለችው። ሒክማ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። በእንግሊዝኛ ጥፋቱ የአንተ አይደለም አለችው። እሱ ግን "ቃል ሰጥቻቸው ነበር" ብቻ ይል ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብርቱካን ይዞ ፍሪሞንት ሄደ። ቲቸር ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል፤ አያዩትም። አጠገባቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንዴት እንደተታለለ፣ ሱሬሽ ምን እንዳለው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው። ሲጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሱሬሽ ትናንት መጥቶ ነበር። ይህን ቤት እንዲፈልግ የመከርከው አንተ ነህ አለኝ።"

"ዋሽቷል ቲቸር።"

"ስድስት ሰው የሚይዝ ቤት ይሁን ብለሃል? ምግብ የሚሸት?"

ሙጠሊብ ብርቱካኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ብለሃል ወይስ አላልክም?"

"ብያለሁ፤ ግን ለሌላ ሰው ነው ብሎኝ ነው። አብራው ለምትሠራ ሴት።"

"ይህን መቼ ጠየቀህ?"

"በየካቲት።"

"እኔ በጥር ነገርኩህ። ከሰማህ ንገረኝ አልኩህ። በየካቲት ልጄ ስለ መጦሪያ ጠየቀህ።" ጣታቸውን አንድ፣ ሁለት ብለው ቆጠሩ። "ለምን አልነገርከኝም?"

ሱሬሽ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለው እንደነበር ሙጠሊብ ኋላ ነግሮኛል። ሱሬሽ ለአባቱ የተናገረው ቃል በቃል እውነት ነው። የቀየረው ለማን እንደተባለ ብቻ ነው፤ የገዛ ጥፋቱን ግማሽ በሙጠሊብ ላይ አራግፎ ሄደ። ሙጠሊብ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ሰኞ ለሱሬሽ ደወለ፤ አላነሳም። መልእክት ላከለት፤ አልመለሰም። ሐሙስ ሥራ አስኪያጃችን ቢሮ አስጠራው። ቤተሰቡ ደውሎ አባታችን ሲያየው ስለሚረበሽ ሌላ ሾፌር ይመደብ ብሏል፣ ቅሬታ ግን የለንም፣ እንዲያውም እናመሰግነዋለን ብለዋል አለው። ቅዳሜ ደግሞ ፍሪሞንት ሲሄድ ያቺ ፊሊፒናዊት ሴት በሩን በግማሽ ከፍታ ይቅርታ ጠየቀችው። ስሙ ከጠያቂዎች ሊስት ላይ ወጥቷል። ልታስገባው እንደምትፈልግ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር፤ ግን አላስገባችውም።

እሱን ወደ ኦክላንድ መስመር ቀየሩት። የፍሪሞንቱ ለእኔ ደረሰኝ።

ሁለት ዓመት ያህል ቲቸር ሴሻድሪን ወደ ዓይን ሐኪም ያመላለስኩት እኔ ነኝ። እየደከሙ ሄዱ፤ አንዳንድ ቀን እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩኝ ሰላም ይሉኛል። አማርኛ ሳወራቸው ደስ ይላቸዋል። ሙጠሊብ በየሳምንቱ "እንዴት ናቸው?" ይለኛል። ደህና ናቸው እለዋለሁ።

በ2014 መስከረም ላይ አንድ ቀን፣ መንገድ ላይ ሳለን፣ ጨከንኩና አነሳሁት።

"ቲቸር፣ ሙጠሊብ የሚባል ሾፌር ያስታውሳሉ?"

"ደረጃውን ያወጣኝ ሰው ነው" አሉ።

ልቤ ሊፈካ ሲል ጨመሩበት። "ከዚያ አምጥቶ እዚህ ጣለኝ።"

"እሱም ተታልሎ ነው ቲቸር። የሚያውቀው ነገር አልነበረም።"

"ማን ነገረህ?"

"እሱ ራሱ።"

የቤት ሥራውን ቤት ረሳሁት የሚል ተማሪ ፊታቸው የቆመ ይመስል ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያን ዕለት ማታ ሙጠሊብ ሲጠይቀኝ እንደ ሌላው ጊዜ ደህና ናቸው አልኩት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሞቱ። እኔና ሙጠሊብ ፓርኪንግ ውስጥ ቫኖቻችንን እያጸዳን ሳለ ስልኩ ጮኸ። እጁ እርጥብ ስለነበር ስፒከር ላይ አደረገው። ሱሬሽ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፁ ያው ዝግ ያለ፣ ያው ትሑት ነው። አባቴ ማክሰኞ ዐረፈ፤ እሑድ ኮረብታው ላይ ጸሎት አለን፤ በጣም ይወድህ ስለነበር ብትመጣ ደስ ይለናል አለው።

"አላህ ያጽናችሁ" አለ ሙጠሊብ። ቀጥሎም "አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንደማላውቅ፣ እንደዋሸኸኝ፣ ከመሞታቸው በፊት ነገርካቸው?"



"ሙጠሊብ" አለ ሱሬሽ፣ "በመጨረሻ ማንንም አያስታውስም ነበር። ያን ሁሉ ረስቶታል። ማንሳቱ ምን ይጠቅም ነበር?"

ሙጠሊብ ቀና ብሎ አየኝ። ሽማግሌውን የማመላልሰው እኔ ስለሆንኩ እውነት ነው ወይ ማለቱ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ የቫኔን ጎማ እፈትግ ጀመር።

"እሑድ ሥራ አለኝ" አለው ለሱሬሽ። አልነበረውም። ስልኩን ዘግቶ እጁን በሱሪው ጠረገና ዲስፓች ቢሮ ገባ። ለእሑድ የቀረ ሥራ ካለ ስጡኝ አለ። ከሄይዋርድ ኦክላንድ ልጇ ዘንድ የምትሄድ አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ እሷን ወሰደ።

ቲቸር የመለሱልኝን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።